በጓሮ ኩሬ ዓሣ ያድጋልን?

ዓሣ ሲነሣ የአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ጣና፣ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ አርባ ምንጭ ሐይቆች ነው። ኮኪትን የሚያስባት የለም። ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች የቆላ ከተማ የምትታወቀው በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሙቀት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የመተማ ቀትር ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ሥጋ ሳይበላሽ አያድርም፤ ጧት የታለበ ወተት ማታ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል፤ ከሩቅ ተጭኖ የመጣ ዓሣማ ገና ከመኪና ሳይወርድ ይታወቃል።

እንግዲህ በዚህ አገር ልጆች የምታሳድግ፣ በደመወዝ ወይም በጉልት ንግድ የምትተዳደር እናት ክረምት በገባ ቁጥር በጓሮዋ የሚሞላውን የውኃ ጉድጓድ እያየች «ለምን ዓሣ አላረባበትም?» ብትል ማን ይፈርድባታል? ዓሣው እዚያው በሕይወት እያለ ይቀመጥላታል፤ ሲያስፈልጋት አውጥታ ታበስለዋለች። በረዶ ቤት አያሻትም። ሐሳቡ በጎ ነው። ነገር ግን ጉድጓድ ማስፋት፣ ላስቲክ መግዛት፣ ጫጩት ዓሣ ማስመጣት፣ መኖ ማቅረብ ሁሉም ገንዘብ ነው፤ ያውም ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ይሆን የነበረ የዕቁብ ገንዘብ። ስለሆነም ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ በቅጡ መመለስ ይኖርበታል፤ በትንሽ ኩሬ ውስጥ ዓሣ በእርግጥ ያድጋል ወይስ ይኖራል ብቻ? መኖርና ማደግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

ይህ ጥያቄ በውጭ አገርም ሲያነጋግር የኖረ ነው። በሰሜን አሜሪካ ባስ የሚሉት አንድ ዓሣ አለ። አፉ ሰፊ፣ ጀርባው አረንጓዴ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መሥመር ያለበት ብርቱ አዳኝ ሲሆን፣ መንጠቆ ሲነክስ ከውኃው ብድግ ብሎ ስለሚዘል የአገሩ ሰው አብዝቶ ይወደዋል። ወደ አሜሪካ የሄዱ ዘመዶቻችንም በእረፍት ቀናቸው ከኩሬ ዳር ተቀምጠው የሚጠብቁት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ዓሣ ነው። በዚያ አገር ገበሬው በእርሻው ላይ ኩሬ አስቆፍሮ ባስ ያስገባል፤ ከዚያም «ለምን አላደገልኝም?» ብሎ ይጠይቃል።

ለዚህ ጥያቄ በሚገባ መልስ የሰጠው ሆሜር ስዊንግል የሚባል የአላባማ ተመራማሪ ነበር። ስዊንግል ኦበርን በሚገኘው ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በርካታ የሙከራ ኩሬዎችን አስቆፍሮ፣ ዓሣ አስገብቶ፣ ከጊዜ በኋላ ውኃውን እያፈሰሰ ውስጡ የተረፈውን ዓሣ በቁጥርና በሚዛን ይመረምር ነበር። እንደ ደረሰበትም ከሆነ የአንድ ኩሬ ጤንነት የሚለካው በበላተኛውና በተበላተኛው መካከል ባለው ሚዛን ነው። ብሉጊል የሚባለው ትንሽ ዓሣ ትላትልና ነፍሳት ይበላል፤ ባስ ደግሞ ብሉጊልን ይበላል። ባሱ ከበዛ የሚበላው አጥቶ ይከሳል። ካነሰ ደግሞ ብሉጊሉ እንደ አሸዋ ይፈላና እርስ በርሱ በምግብ ተሻምቶ ሁሉም የጣት ያህል ሆኖ ይቀራል።

አሁን ስሌቱን ወደ ጓሯችን እናምጣው። አሜሪካኖቹ በአንድ ኤከር ኩሬ ላይ፣ ማለትም በ4,000 ካሬ ሜትር ገደማ ላይ፣ 100 ያህል የባስ ጫጩት እንዲገባ ይመክራሉ። ይህ ማለት ለአንድ ባስ 40 ካሬ ሜትር ውኃ ማለት ነው። በእኛ አገር በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በአማራና በትግራይ በዘመቻ መልክ ከተቆፈሩት የቤተሰብ የውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች ብዙዎቹ የተነደፉት 60 ሜትር ኩብ ያህል እንዲይዙ ነበር፤ የፊታቸው ስፋት አንድ ደኅና ሳሎን ቢያክል ነው። በዚህ ስሌት አንድ ጓሮ አንድ ባስ፣ ቢበዛ ሁለት ባስ ይችላል። ከዚህም ሌላ ባስ አንድ ኪሎ ሥጋ ለመጨመር ከ5 እስከ 10 ኪሎ የሚደርስ ሌላ ዓሣ መብላት አለበት። ልጆቹን ዓሣ ለማብላት ኩሬ ያስቆፈረ ቤተሰብ ዓሣ እየገዛ ዓሣ ሊቀልብ ነው ማለት ነው! በትንሽ ኩሬ ባስ መኖርስ ይኖራል፤ በእጅ እየተመገበ ለዓይን ማረፊያ ይሆናል። ለድስት ግን አይሆንም።

ባስ የሩቅ አገር ዓሣ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። የኛው ናይል ፐርችም ጠባዩ ያው ነው። በጫሞ ሐይቅና በባሮ ወንዝ የሚገኘው ይህ ግዙፍ ዓሣ ከአንድ ሰው ቁመት ይበልጣል፤ እስከ 200 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል፤ ሥጋ በል ከመሆኑም በላይ አየር የጎደለው ውኃ አይስማማውም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲጨመር ከጊዜ በኋላ ምን እንዳደረሰ የዓለም ባለሙያዎች ሁሉ የሚጠቅሱት ነው፤ ከዚያ ሐይቅ በስተቀር በየትም የማይገኙ በመቶ የሚቆጠሩ የትናንሽ ዓሣ ዓይነቶች ተመናምነዋል፤ ብዙዎቹም ጨርሶ ጠፍተዋል። ትልቅ ሐይቅ ያልቻለውን ጓሮ አይችለውም።

እንግዳ ዓሣ ሁሉ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣው ትራውት በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተስማምቶት ቀርቷል። የተስማማው ግን ውኃው እንደ ትውልድ አገሩ ቀዝቃዛና ፈሳሽ ስለሆነ ነው። ኮኪት ላይ ቢያመጡት ከማለዳ እስከ ምሳ አይቆይም። ደግሞም የመተማ ጎርፍ ሁሉ መጨረሻው ሽንፋና ጓንግ ነው፤ ጓንግ አትባራ ይሆናል፤ አትባራም ዓባይን ይቀላቀላል። ከአንድ ጓሮ በጎርፍ ያመለጠ እንግዳ ዓሣ ማንም መልሶ አይሰበስበውም። ስለዚህ ከውጭ አገር ወይም ከሌላ ተፋሰስ የመጣ ዓሣ ማንም ሊሸጥላችሁ ቢሞክር እኔ በበኩሌ አትግዙ እላለሁ።

ትንሽ ኩሬ ለዓሣ ምን እንደምትሆን ለማወቅ ከተፈለገ ጓንግን በበጋ መመልከት ይበቃል። ወንዙ በጥር በየካቲት ይሰነጠቅና እዚህም እዚያም የተቆራረጠ ኩሬ ይሆናል። ዓሣው ሁሉ በነዚያ ውስጥ ይታጨቃል። ይህን ነገር ቀድሞ በጽሑፍ ካሰፈሩት መካከል ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ ተጓዥ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 በኋላ የትዳር ጓደኛው ከሆነችው ከፍሎረንስ ጋር በአትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ ወንዙ አሸዋ ሆኖ፣ በየቦታው በቀሩት ጥልቅ ኩሬዎች ውስጥ ዓሣው፣ ኤሊው፣ አዞውና ጉማሬው ተፋፍጎ አገኘው። ሰኔ 23 ቀን ሌሊት ግን እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሲነጋ የትናንቱ አሸዋ 450 ሜትር ያህል የሚሰፋ ወንዝ ሆኖ ነበር። ያ ውኃ የመጣው ከኛ ደጋ ነው፤ ከፊሉም በመተማ በኩል አልፎ።

ልብ በሉ፤ በእነዚያ ኩሬዎች ውስጥ ዓሣው አላደገም። ክረምትን ጠበቀ እንጂ። ነፍሱን አቆየ፣ አንዱ አንዱን በላ፣ ወፍም ለቀመው። የተረፈው በጎርፍ ጊዜ ሄዶ በላ፣ ወፈረ፣ ወለደ። እኛ በጓሯችን የምንፈልገው ሁለተኛውን እንጂ የመጀመሪያውን አይደለም። ስለሆነም በትንሽ ውኃ ውስጥ ሊበላና ሊወፍር የሚችል ዓሣ መምረጥ ግድ ይሆናል።

ያ ዓሣ ቆሮሶ ነው።

ቆሮሶ የዓባይ ተፋሰስ ተወላጅ ነው፤ ከጣና እስከ ግብፅ ይገኛል። ለጓሮ የሚመረጥበት ምክንያት አንደኛ ሥጋ በል አለመሆኑ ነው። ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉትን ደቃቅ ዕፅዋት ይበላል፤ ፉርሽካ ይበላል፤ የኑግ ፋጉሎ ይበላል፤ ከጠላ የቀረ አተላ ቢሰጡትም አይጠላም። ሁለተኛ ሙቀት ይወዳል። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውኃ ውስጥ ደኅና አድርጎ ያድጋል፤ ደገኞቹ ኩሬ ውስጥ ብርዱ የሚያቀጭጨው ዓሣ ቆላ ላይ ይፈታል። ሦስተኛ አየር ሲያጥር ከብዙዎቹ ይልቅ ይታገሣል።

ጉድለቱ ደግሞ ከምስጋናው አይለይም፤ አብዝቶ ይወልዳል። የቆሮሶ እናት ዕንቁላሏን ጥላ አትሄድም፤ በአፏ ለቅማ ይዛ እዚያው ታስፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸዋለች፤ ተሽቀዳድመው ይገባሉ። እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ እንዲህ ስትሆን የሚላስ የሚቀመስ አትነካም። ይህን ሳነብ እናትነት በየፍጥረቱ እንዴት ያለ ዕዳ ነው እያልሁ ተገርሜያለሁ። ከተገላገለች በኋላ ግን ከአንድ ወር ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እንደገና ትወልዳለች። ሴቷ ስትጦም፣ ወንዱ ስለሚበላ፣ ወንዱ ይበልጣታል። ጫጩቶቹም ከሦስት ከአራት ወር በኋላ ገና የሣር ቅጠል ሲያክሉ ራሳቸው መውለድ ይጀምራሉ። 120 ዓሣ ያስገባች እናት በስድስተኛው ወር ከሺህ በላይ ታገኝና ደስ ይላታል። ሁሉም ግን የጣት ያህል ናቸው። ምጣድ ላይ አጥንት ብቻ! በየቦታው ተጀምረው ከተተዉት የቤተሰብ ኩሬዎች ብዙዎቹን ተስፋ ያስቆረጠው ይኸው ነው። «ዓሣው አላድግ አለ» ይባላል። ዓሣውስ አድጎ ነበር፤ ቤቱ በዘመድ ሞልቶበት ነው እንጂ።

እዚህ ላይ የአላባማው ስዊንግል ሚዛን ወደ ጓሯችን ተመልሶ ይመጣል። ለቆሮሶ ጫጩት ባስ የሚሆነው አምባዛ ነው። አምባዛ ቆዳው ለስላሳ፣ ጢሙ ረዥም የሆነው ዓሣ ሲሆን፣ ከውኃው ወጣ ብሎ ከሰማይ አየር መሳብ ስለሚችል የተበላሸ ውኃ አይገድለውም። ለአሥር ቆሮሶ አንድ አምባዛ ቢገባ አዲስ የሚወለዱትን ጫጩቶች እየለቀመ ትልልቆቹ ቦታና ምግብ እንዲያገኙ ያደርጋል። ነገር ግን ብልኃት ይጠይቃል። አምባዛው የሚገባው ቆሮሶዎቹ አንድ ወር ከቆዩና ጠንከር ካሉ በኋላ፣ እሱም ከነሱ ሳይበልጥ መሆን አለበት። አለዚያ ለጫጩቶቹ የታሰበው ዘበኛ ባለቤቶቹን ይጨርሳቸዋል። ሌላም ጠባይ አለው፤ ዝናብ በዘነበ ሌሊት ከኩሬው ወጥቶ በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ይሄዳል። ጧት ከጎረቤት ደጃፍ ቢገኝ ሰው ሰረቀኝ አትበሉ፤ የኩሬውን ዙሪያ አጥሩ።

ሌላው መንገድ ሴቱን ከወንዱ መለየት ነው። ዓሣዎቹ 30 ግራም ያህል ሲሆኑ፣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ማለት ነው፣ አንድ በአንድ ተይዘው ሆዳቸው ይገለበጣል። ከጅራቱ በፊት ባለው ቦታ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ፣ ሴቷ ሦስት ቀዳዳ አላት። አንድ ጠብታ ቀለም ቢደረግበት ጎልቶ ይታያል። ወንዶቹ ወደ ኩሬ ይመለሳሉ፣ ሴቶቹ ወደ ምጣድ። ዓይኑ ጥሩ የሆነ የ12 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ይለምደዋል። መጀመሪያ ላይ አንዳንድ መሳሳት ስለማይቀር ጥቂት አምባዛ መጨመሩ ግን አይከፋም።

ውኃውና ወራቱ

የኮኪት ትልቁ ጠላት ግን የዓሣው ብዛት ሳይሆን ፀሐይዋ ነች። በዚያ ዓይነት ቆላ በበጋ ከክፍት ውኃ ላይ በቀን ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይተናል። ትንሽ ይመስላል። በወር ሲቆጠር ግን 20 ሴንቲ ሜትር፣ ማለት አንድ ስንዝር ነው። ዝናቡ መስከረም መጨረሻ ላይ ሲያቆም አንድ ሜትር ተኩል የነበረ ኩሬ ከአራት ወር በኋላ፣ በጥር ማብቂያ፣ 70 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። መጋቢት ላይ ጉልበት አይደርስም፣ ሚያዝያ ላይ ጭቃ ነው። ይህም አፈሩ ምንም ሳያፈስ ማለት ነው። የአካባቢው ጥቁር ዋልካ አፈር እርጥብ ሲሆን አብጦ ውኃ አጥብቆ ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በተከታዩ ክረምት መጀመሪያ ውኃው በስንጥቁ ይሄዳል። በ1995 የተቆፈሩት ጉድጓዶች ብዙዎቹ ላስቲካቸው ተቀድዶ ውኃ ማፍሰሳቸው የሚታወስ ነው።

እንግዲህ የኮኪት ኩሬ ዓመቱን ሙሉ የዓሣ ቤት ሊሆን አይችልም። ይህንን እንደ መርዶ አትዩት። በሐምሌ መጀመሪያ የገባ ቆሮሶ በጥር መጨረሻ ሰባት ወር ይሞላዋል፤ በደኅና አያያዝ 200 ግራም የሚደርስበት ዕድሜ ደግሞ ይኸው ነው። ውኃው ሲያልቅ ዓሣው ይደርሳል። ያም ጊዜ ጾመ ነነዌ አልፎ ወይም ተቃርቦ፣ ዐቢይ ጾም የሚጠበቅበት፣ በጾም ዓሣ የሚበላው ወገን ሁሉ ዓሣ የሚፈልግበት ወቅት ነው። በመተማ ያለው እስላም ቤተሰብ ደግሞ ጾም ሳይጠብቅ ይገዛል። ስለዚህ ኩሬውን እንደ ሰሊጥ ማሳ ቁጠሩት፤ በክረምት ይዘራል፣ በበጋ ይታጨዳል።

እስከዚያው ድረስ ግን በየቀኑ ዓይን ይፈልጋል። ውኃው አረንጓዴ መሆን አለበት፤ ንጹሕ የሚመስል ውኃ ለዓሣ ባዶ ገበታ ነው። ለማወቅ ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውኃው አስገቡ። መዳፋችሁ የሚሰወረው ውኃው ክንድ አጠፋችሁ ላይ ሲደርስ ከሆነ ልክ ነው። ከዚያ አልፎም የሚታያችሁ ከሆነ ትንሽ የዶሮ ኩስ ወይም የበሰበሰ የከብት ፍግ ጨምሩ። ገና አንጓችሁ ሳይነካ ከተሰወረ ደግሞ በዝቷል፤ ፍግም መኖም አቁሙ።

ውኃው የሚታመመው ሌሊት ነው። ቀን ፀሐይ ሳለች አረንጓዴው ነገር ኦክስጅን ይሠራል፤ ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። በመሆኑም ሊነጋጋ ሲል የውኃው አየር ከሁሉ ጊዜ ያነሰ ይሆናል። በማለዳ ስትወጡ ዓሣዎቹ ከላይ ተሰልፈው አፋቸውን ቢከፍቱ ቁርስ እየለመኑ አይደለም፤ አየር አጥሯቸዋል። ያን ጊዜ መኖ የሰጠ ሰው ገደላቸው ማለት ነው። በባልዲ ውኃውን እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ፣ የተገኘ እንደሆነም ንጹሕ ውኃ መጨመር ያድናቸዋል። ከታኅሣሥ በኋላ ውኃው እያጠረ ሲሄድ ከኩሬው አንድ ሦስተኛውን በሰሌን ወይም በሣር ዳስ ማጥላት ሁለት ጥቅም አለው፤ ሙቀቱን ይቀንሳል፣ ዓሣ የሚለቅመውን ወፍም ያሳስታል። አርጃኖን ግን ዳስ አይመልሰውም። የእሾህ አጥር ነው።

አንድ የዚያ አገር ጉዳይ እዚህ ላይ ካልተነሣ ነገሩ ጎደሎ ይሆናል። በጥጥና በሰሊጥ ማሳ ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት ይረጫል። የመርጫውን ዕቃ በኩሬ ውኃ ያጠበ ሰው በአንድ ሌሊት የሰባት ወር ድካም ያጠፋል። ከማሳ የሚወርድ ጎርፍም ወደ ዓሣ ኩሬ መግባት የለበትም፤ ዓሣው ባይሞት እንኳ የሚበሉት ልጆች ናቸው። ውኃው ከጣሪያና ከራሳችሁ ግቢ ብቻ ይጠራቀም።

ልጆችስ?

በቤት አጠገብ ያለ ኩሬ ከዓሣው በፊት ስለ ልጆች የሚያሳስብ ነገር አለው። አንድ ሜትር ተኩል ውኃ ለሦስት ዓመት ሕፃን ጥልቅ ባሕር ነው። ጠርዙ በላስቲክ የተሸፈነ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ሰው እንኳ ተንሸራቶ ከገባ የሚጨብጠው ያጣል። ስለዚህ አጥር፣ የሚቆለፍ በር፣ ወደ ውስጥ የሚወርድ መሰላል ወይም የታሰረ ገመድ፤ እነዚህ ከጫጩቱ በፊት ይገዛሉ። ለአጥር የሚሆን ገንዘብ ያልተረፈው ሰው ለኩሬም አልተረፈውም። በዚህ ላይ እኔ ድርድር አላውቅም።

ሌላው ወባ ነው። መተማ የወባ አገር ናት፤ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ባሉት ወራት ትበረታለች። የረጋ ውኃ ትንኝ ያፈላል ብሎ መፍራት ትክክል ነው። ሆኖም ዓሣ ያለበት ውኃ ዓሣ ከሌለበት ይሻላል፤ ትናንሽ ዓሣዎች የትንኝ ዕጭ ይበላሉና። በአሰብ ወደብ ከተማ በየቤቱ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የአገሩን ትንሽ ዓሣ በማስገባት የትንኝ ዕጭን መቀነስ መቻሉን እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ይህ ማለት ግን አጎበሩ ይውረድ ማለት አይደለም። ዓሣው ሊደርስበት በማይችለው የዳርቻ ሣር ውስጥ ዕጩ ይሸሸጋል፤ ሣሩ በየሳምንቱ ይታጨድ። ይልቁንም የሚያሰጋው ዓሣው ከወጣ በኋላ በጭቃው ላይ የሚቀረው ውኃ ነው፤ ያን ጊዜ የሚበላው የለም። በዚያው ቀን ለጓሮ አትክልት ይቀዳ። ፍግ የበዛበት ውኃ ለጎመንና ለቃሪያ ጠቃሚ ነው። ልጆች በኩሬው እንዳይዋኙ፣ መጸዳጃ ቤትም ከኩሬው ራቅ ብሎ ዝቅ ባለ በኩል እንዲሆን ማድረግ እንደ ቢልሃርዝያ ካሉት በሽታዎች ይጠብቃል።

ትርፉ ስንት ነው?

አሁን የዕቁቡን ገንዘብ ወዳወጣችው እናት እንመለስ። ኩሬዋ 60 ካሬ ሜትር ፊት ያለው ነው እንበል። በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ይገባል፤ 120 ይሆናሉ። ሩቡ በወፍ፣ በበሽታና በጉዞ ይጠፋል እንበልና 90 ይቀራሉ። እያንዳንዱ 200 ግራም ቢደርስ 18 ኪሎ ነው። ስድስት ሰው ላለው ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ዓሣ ለአሥራ አምስት ማዕድ ይበቃል። በአገራችን አንድ ሰው በዓመት የሚበላው ዓሣ በአማካይ አንድ ኪሎ እንኳ እንደማይሞላ ሲታሰብ፣ ይህ ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ ሦስት ኪሎ ማግኘቱ ለልጆቹ ቀላል ነገር አይደለም። ከመቶ ግራም የዓሣ ሥጋ ውስጥ ወደ 20 ግራም የሚጠጋው የሰውነት ገንቢ ምግብ ነው።

ወጪው ግን አለ። በፉርሽካና በፋጉሎ ለሚያድግ ዓሣ ለአንድ ኪሎ ሥጋ ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ መኖ ሊያስፈልግ ይችላል፤ አረንጓዴው ውኃ ከዚህ የተወሰነውን ይሸፍናል። ለ18 ኪሎ ከ50 እስከ 90 ኪሎ ፉርሽካ መሆኑ ነው። በየጊዜው ገበያ ወጥታችሁ የፉርሽካውን ዋጋ በዓሣው ዋጋ ላይ አስሉት። ላስቲክና ቁፋሮ ከተጨመረበት የመጀመሪያው ዓመት ኪሣራ ነው ቢባል ውሸት አይደለም። ስለሆነም የኔ ፍርድ እንዲህ ነው፤ ለውኃ ብላችሁ ያስቆፈራችሁት ጉድጓድ ካለ፣ ለአትክልት የምትቀዱት ከሆነ፣ ጥቂት ዶሮዎችም ካሏችሁ፣ ቆሮሶ አስገቡበት፤ ኩሱም አተላውም በነፃ ነው። ለዓሣ ብቻ ብሎ ብድር ገብቶ ማስቆፈርን ግን አልደግፍም። ለንግድ ያሰበ ሰው ደግሞ ሰፊ ኩሬና በጋውን ሙሉ የሚመጣ ውኃ ያስፈልገዋል፤ ወደ ጓንግ ወይም ወደ ሽንፋ ዳር ይቅረብ። ወይም አምስት ስድስት ጎረቤቶች ተባብረው አንድ ትልቅ ኩሬ ይያዙ፤ ስድስት ትናንሽ ኩሬዎች ከአንድ ትልቅ ኩሬ ቀድመው ይሞቃሉ፣ ቀድመውም ይደርቃሉ።

ከተሜዎቹ አንባቢዎቻችን «እኛ ጎንደርና አዲስ አበባ ላለነውስ?» ማለታችሁ አይቀርም። ሙቀት ያንሳችኋል እንጂ ውኃ አያንሳችሁም። ከ16 ዲግሪ በታች በሆነ ውኃ ቆሮሶ መብላት ያቆማል፤ ከዚያ በታች እየወረደ ከሄደም ይሞታል። በጎንደርና በአዲስ አበባ ሰባቱ ወር አሥር ወይም አሥራ ሁለት ወር ይሆንባችኋል ማለት ነው።

ዓሣው ሲወጣ በኮኪት ሙቀት ጊዜ አይሰጥም። ጎሕ ሲቀድ አውጡ፣ ወዲያው ቅርፊቱን ፍቁ፣ ሆድ ዕቃውን አስወግዱ፣ ጆሮ ግንዱንም አብራችሁ አውጡ፤ ቶሎ የሚሸት እሱ ነው። በዚያው ቀን የሚበላው ለጥብስና ለወጥ ይቀመጥ፤ የቀረው ጀርባው ተሰንጥቆ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ ዝንብ በማያገኘው ወንፊት ጨርቅ ተሸፍኖ በቆላው ፀሐይ ቋንጣ ይሆናል። በዚህ በኩል መተማ ባለ ጸጋ ናት። ለሕፃናት ከጅራቱ በኩል ሳይሆን ከጀርባው፣ አጥንቱን በጣት እየዳሰሳችሁ ስጡ።

ጫጩቱ የሚገኘው ከባሕር ዳሩ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ወይም እሱ ከሚያውቃቸው አራቢዎች ነው። በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል አስቀድሞ መጠየቁ ይሻላል፤ ባለሙያው ኩሬውን አይቶ ቁጥሩን ይነግራችኋል። ከባሕር ዳር ኮኪት መንገዱ ረዥም ስለሆነ ጫጩቱ ውኃና ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ ተቋጥሮ በሌሊት ይጓዝ፤ ከመነሣቱ በፊትም አንድ ቀን መኖ አይሰጠው፤ ሆዱ የሞላ ዓሣ የራሱን ውኃ ያበላሻል። ሲደርስ ላስቲኩን እንደ ተቋጠረ በኩሬው ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል አንሳፉት፤ የውስጡና የውጩ ውኃ ሙቀት ሲተካከል ፍቱት። ቀስ በቀስ የኩሬውን ውኃ በጭልፋ ጨምሩበት፤ ጫጩቶቹም ራሳቸው ዋኝተው ይውጡ። በማግሥቱ ተንሳፍፈው የተገኙትን ቁጠሩና ለቅማችሁ አውጡ፤ ቁጥራቸውንም ጻፉት፤ በጥር ስታወጡ ስንቱ በወፍ፣ ስንቱ በጉዞ እንደ ጠፋ የምታውቁት በዚያ ነው።